ክብ ኪሮሽ አልወጣልኝም፣ አንዴ ድስት አንዴ ጥቅል ጎመን ይሆንብኛል

የጦሳ_ጉም (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እስቲ ኪሮሽ የምትችሉ ሰዎች ታደጉኝ። ከጀመርኩ ሶስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን እችለዋለሁ፣ ስካርፍ ምናምን ጨርሻለሁ። ክቡ ነው ያቃተኝ። ሀሳቤ ለአባባ ለአረፋ ኮፊያ ልሰራላቸው ነበር፣ ገበያ ላይ የሚገዙት ወይ አይገባላቸውም ወይ ከገባ ግንባራቸው ላይ መስመር ሰርቶባቸው ይመጣሉ፣ እኔም አንድ ቀን ቡና ላይ ሰው በተሰበሰበበት "እኔ እሰራልዎታለሁ" ብዬ ፎከርኩ፣ አሁን ያቺ ፉከራ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት አየሁ፣ ቀለበቱ ውስጥ 6 ዳብል (የስቲች አይነት ነው) ስሩ አለች፣ ረጅሙን ስቲች መስሎኝ እሱን ሰራሁ፣ ከዛ በየአንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12፣ ቀጥሎ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ ልክ ነው ሶስቴ ቆጥሬዋለሁ፣ ግን አራተኛው ዙር ላይ ጠርዙ ተነስቶ የሽሮ ድስት መሰለ። ተናድጄ ፈታሁትና ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ እቺኛዋ አሜሪካዊት ናት፣ በ12 ዳብል ነው የምትጀምረው። በመሀል የመጀመሪያዋ ቪዲዮ ስር አንዷ "ዳብል ማለት እኮ አጭሩ ነው" ብላ ስትፅፍ አይቼ ስለነበር አጭሩን ሰራሁ፣ 12፣ 24፣ 36። እሱ ደግሞ እየተኮማተረ እየተወዛወዘ ጥቅል ጎመን ሆነ። እጄ ነው ክሩ ነው? ወይስ ይሄ ነገር ለኔ አልተፃፈም?

ቧንቧ_ውሃ_ልጅ

ሃሃሃ ጎመኑን ፎቶ አንሺልን እንጂ። እኔ ወንድ ነኝ አልሰራም ግን እናቴ ስትሰራ ነው ያደግኩት፣ እኔ እንደሚመስለኝ እጅሽ ይጠብቃል። በዚህ የደሴ ብርድ ጣት ድርቅ ሲል ሰው ክሩን አንቆ ነው የሚይዘው፣ እናቴ ክረምት ላይ የጀመረችውና በጋ የጨረሰችው አንድ ዳንቴል አለ መሀሉ ጥብቅ ዳሩ ልቅ፣ ቲቪው ላይ አሁንም አለ። ኪሮሹን በአንድ ቁጥር ወፈር አድርጊው።

የጦሳ_ጉም (ደሴ)

አድርጌዋለሁ ወንድሜ፣ ከ4 ወደ 5 ሚሊ ቀየርኩ፣ ድስቱ ትልቅ ድስት ሆነ እንጂ አልተኛም።

ክር_በክር (ኮምቦልቻ)

ውዴ አብሽሪ፣ እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ሁለቱን ቪዲዮ ነው ያደባለቅሽው። እንግሊዞቹ ዳብል የሚሉትን አሜሪካኖቹ ሲንግል ነው የሚሉት፣ አጭሩ ማለት ነው፣ አንዴ ጎትተሽ ሁለቱን አንድ ላይ የምታወጪው። አሜሪካኖቹ ዳብል የሚሉት ደግሞ መጀመሪያ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ ገብተሽ ሁለት ሁለት እያደረግሽ የምታወጪው ረጅሙ ነው፣ እሱን እንግሊዞቹ ትሬብል ይሉታል። ያቺ ኮመንት የፃፈችው ልጅ አልዋሸችም ግን የተናገረችው ለመጀመሪያው ቪዲዮ ነው አንቺ ለሁለተኛው አደረግሽው። እና በረጅሙ ስድስት ስድስት ጨመርሽ ድስት ሆነ፣ በአጭሩ አስራ ሁለት አስራ ሁለት ጨመርሽ ጎመን ሆነ። ቁጥሮቹን ብቻ ብትለዋውጪ ሁለቱም ይተኙ ነበር!

ለምን መሰለሽ፣ ረጅም ስቲች ስትሰሪ አንዱ ዙር ብቻውን ወደ ውጭ ብዙ ይሄዳል፣ ጠርዙ የሚዞረው መንገድ በዛው ልክ ይረዝማል፣ መንገዱን የሚሞላ ስቲች ካልጨመርሽለት ጠርዙ ይጠብና ወደ ላይ ይነሳል። አጭር ከሆነ ትንሽ ነው የሚሰፋው፣ ከልክ በላይ ካጎረስሽው መሄጃ ያጣና ይወዛወዛል። ለአጭሩ በየዙሩ 6፣ ለረጅሙ 12፣ መሀል ላይ ላለው ሃፍ ዳብል ለሚሉት 8 ያዢ፣ ከእጅ እጅ ትንሽ ይለያያል ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለኮፊያ በአጭሩ ስሪ ባይ ነኝ ድፍን ያለ ይወጣል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ሁሌ ጭማሪውን እዛው ቦታ ላይ ካረግሽው ክብ ሳይሆን ስድስት ማዕዘን ይወጣልሻል፣ አንዱን ዙር ከጭማሪ ከጀመርሽ ቀጣዩን ሁለት ሶስት ስቲች አልፈሽ ጨምሪ። በየዙሩ መዝጋት ከሰለቸሽ ደግሞ ሳትዘጊ ዝም ብለሽ ዙሪ፣ ግን የዙሩ መጀመሪያ ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጊበት ካለዛ የት እንደጀመርሽ ይጠፋሻል። የምትዘጊ ከሆነ መዝጊያዋን ትንሿን ስቲች ቆጥረሽ እንዳትሰሪባት፣ እኔ እሷን እየቆጠርኩ ስንት ወር በየዙሩ አንድ ትርፍ ሲመጣብኝ ክሩን ነበር የምረግመው። እና በናትሽ ሚኒባስ ውስጥ አትሞክሪው፣ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ እኔ 42 ይሁን 48 ጠፍቶኝ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የፈታሁት።

እማ_ዳንቴል

ልጆች እኔ ከልጄ ስልክ ነው የምፅፈው ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ልጄ አንቺ ሰፌድ ሲሰፋ አይተሽ አታውቂም? ኪሮሹን ወስፌ ነው ብለሽ አስቢው። እምብርቱን ትይዢና ስንደዶውን እየጠመጠምሽ ትዞሪያለሽ፣ ሰፌድ እንዲሆን ከፈለግሽ አዲሱን ዙር ከአሮጌው ጎን ታስተኚዋለሽ፣ ሙዳይ ከፈለግሽ ደግሞ ላዩ ላይ ትጭኚዋለሽ ግድግዳው ይነሳል። ኮፊያም ሁለቱን ነው የሚፈልገው፣ አናቱ ሰፌድ ነው ጎኑ ሙዳይ። እና ያ ድስት ሆነብኝ ብለሽ ያለቀስሽበት በኋላ ላይ የምትፈልጊው ነገር ነው፣ መጨመር ስታቆሚ ራሱ ይነሳልሻል።

አባትሽን ከግንባራቸው በላይ ዙሪያውን በሜትር ለኪያቸው፣ ለ3.14 አካፍዪው፣ ያ የአናቱ ስፋት ነው ከዳር እስከ ዳር። 57 ከሆኑ 18 ሴንቲ ግድም ማለት ነው። ክር ስለሚለጠጥ እኔ አንድ ሴንቲ ቀነስ አደርጋለሁ፣ እዛ ላይ ስትደርሺ ጭማሪ ታቆሚና ዝም ብለሽ አንድ በአንድ ትዞሪያለሽ። መለኪያው ሰፍቶ ግንባራቸው ላይ ከወረደ ፍችው አትዘኝ፣ ክር እንደሆነ አያልቅም።

መሀሉን በዛሬዎቹ ማጂክ ሪንግ፣ ጅራቱን ስትስቢው በሚጠብቀው የክር ቀለበት፣ ትጀምሪ ከሆነ ጅራቱን በመርፌ ክቡን ተከትለሽ ሁለቴ ካላዞርሽው አንድ ሁለት እጥበት ላይ አናቱ ይከፈታል፣ የጥጥ ክር ሲሆን በተለይ ያንሸራትታል። እኔ ሁለት ሰንሰለት ሰርቼ መጀመሪያ የሰራሁት ሰንሰለት ውስጥ ስድስቱን አስገባለሁ፣ ቀዳዳው ኢምንት ነው ማንም አያየውም። እና በነጭ የዳንቴል ክር እንዳትጀምሪ፣ መጀመሪያ በወፈር ያለ የሹራብ ክር ተለማመጂ፣ ጥቁር ብቻ አይሁን፣ ጥቁር ላይ አይኑን የት አግኝተሽ ትቆጥሪዋለሽ በመብራት።

ቧንቧ_ውሃ_ልጅ

እማ ዳንቴል ኑሩልን። እኔም ብርዱ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ።

የጦሳ_ጉም (ደሴ)

ኧረ እግዜር... አላህ ይስጥልኝ ልበል ሁላችሁንም፣ እትዬ እርስዎን በተለይ። ትናንት ማታ ከሰኞ ገበያ በገዛሁት ክሬም የሹራብ ክር በአጭሩ ጀመርኩ፣ 6፣ 12፣ 18፣ እስከ 54 ዘጠኝ ዙር፣ እንደ ሰፌድ ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ ተኛ! አንድ ጊዜ ብቻ 35 መጣብኝና ፈልጌ ፈልጌ አንዱን አይን ዘልዬው አገኘሁት፣ መርፌ ቁልፏን ለመንቀል ስቸኩል የመጀመሪያዋን ረስቻት።

ጠዋት ስነሳ ግን የለም። እማ ስኳሩ ስር አድርጋዋለች፣ ጎረቤት ለቡና መጥቶ "ማሻአላህ ማን ሰራው" ስላለ አትነሺውም አለችኝ። አሁን ለጀበናውም ለረከቦቱም አንድ አንድ ታዝዟል። አባባ ደግሞ ዝም ብለው አይተው "የኔው ስኳሩ ራስ ላይ ነው የወጣው" አሉ። ለሳቸው ዛሬ ማታ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። እትዬ፣ ለዳንቴሉ ክር ኪሮሹ ስንት ቁጥር ይሁን?

እማ_ዳንቴል

1.5 ወይ 1.75 በቂሽ ነው ልጄ፣ ክርሽ ቀጭን ከሆነ 1.25። ብረቱን ግዢ፣ ፕላስቲኩ በዛ ቅጥነት ይሰበራል።