በአጭር ፊልሜ ውስጥ ድምፅና ምስል እየተራራቁብኝ ስለሆነ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ

የፊልም ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቂያ የማዘጋጀውን አጭር ፊልም ምስል በሞባይል ስልክ፣ ድምፁን ደግሞ በተለየ መቅረጫ ነው የያዝኩት። የመብራቱን ብልጭ ድርግም ማለት፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ መሆኑን ተረድቼ የሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ላይ በማድረግ አስወግጄዋለሁ፤ ቀረጻውን ያተረፈልኝም ይህ ትምህርት ነው። ያቃተኝ ድምፁ ነው። መነሻው ላይ ለማመሳሰያ በተቀረጸው ጭብጨባ ባገጣጥመውም፣ ረጅሙ የእናትና የልጅ ንግግር እየገፋ ሲሄድ ቃሉ ከከንፈር ይቀድማል። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ስለሚዋዥቅ፣ ፋይሉን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደማይለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት መቀየር እንደሚረዳ ተምሬአለሁ። ሆኖም የጨረስኩትን ቅንብር ሳላፈርስ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ቦታ መተካት ይቻላል፣ ወይስ ቆረጣውን እንደገና ልጀምር? ተዋናይዋ በዚያ ትዕይንት የሰጠችው ስሜት በድጋሚ ቀረጻ የሚገኝ ስላልመሰለኝ፣ ይህ የገጠማችሁ ባለሙያዎች መንገዱን ብታሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።