በራሱ እጅ ካልሆነ አልበላም የሚል ልጅ ምን ይሰጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ናችሁ? ልጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ማንኪያ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ በራሱ እጅ ካልሆነ አይበላም። ከዘመድ ርቀን ስለምንኖር የማማክረው ትልቅ ሰው አጠገቤ የለም። በየሱቁ ደግሞ የሕፃን ሥዕል ያለበት እሽግ ሞልቷል። የትኛውን ልመን? እንዳይታነቅብኝም እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ማንኪያውን መግፋቱ አያስጨንቅሽ። ሕፃናት ከስምንትና ከዘጠኝ ወር ገደማ ጀምሮ ትንሽ ነገር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ማንሳት ይለምዳሉ። በዚህ ዕድሜ ራሴ ልብላ ማለት የጤና ነው። ጠረጴዛው ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

እኔ ከምግቡ ዓይነት በፊት የማየው ልስላሴውንና አቆራረጡን ነው። የፊት ጥርስ ይነክሳል እንጂ አይፈጭም፤ መንጋጋ ብቅ የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ቁራሹን ከማቅረብሽ በፊት በሁለት ጣትሽ ጫን አድርጊው። በቀላሉ ከፈረሰ ለድዱ ይሆናል፤ ካልፈረሰ ወደ ድስቱ ይመለስ። ካሮት፣ ስኳር ድንችና ብሮኮሊ በእንፋሎት እስኪለሰልሱ ይብሰሉ። ጥሬ ካሮትና ጥሬ ፖም በቁራጭ አይሰጡም፤ ፖሙን ፈቅፍቂው ወይም ቀቅይው። የወይን ፍሬ ክብና ለስላሳ ስለሆነ የአየር ቧንቧን እንደ ውታፍ ይደፍናል፤ በቁመቱ ለአራት ሰንጥቂው። ቋሊማም በአግድም ተቆርጦ ክብ ሆኖ ሲቀርብ እንደዚያው አደገኛ ነው። ፈንዲሻ፣ ያልተፈጨ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይቅረቡት።

ምን ይብላ ለሚለው፣ ቅድሚያውን ለብረት ማዕድን ስጪ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ ሙዝና ብስኩት ይህን አይሞሉም። የተፈጨ ሥጋ በትንሹ ተድበልብሎ በደንብ ከበሰለ በኋላ ተቆራርጦ፣ የተቀቀለ ምስር ተጨፍልቆና ተጠፍጥፎ፣ እንቁላል በስሱ ተጠብሶ በጣት ልክ ተቆርጦ፣ ዓሣም እሾሁ አንድ በአንድ ተለቅሞ ሊቀርብለት ይችላል። ከጎኑ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አይጥፋ፤ ቫይታሚን ሲ በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ወተት ግን ይመጠን። ቀኑን ሙሉ ጡጦ የማይለየው ልጅ ለምግብ ቦታ አይኖረውም፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አቮካዶው ከእጁ እየሾለከ ካስቸገረው በደቀቀ አጃ ላይ አንከባልይለት፤ ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል።

የለውዝ ቅቤ በማንኪያ ተጨልፎ ከተሰጠ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ ዳቦ ላይ በስሱ ቀቢው ወይም ከእርጎ ጋር ደባልቂው። አለርጂን ፈርቶ ማዘግየት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት፣ ለአለርጂ ይበልጥ የተጋለጡ ሕፃናት ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምሮ ለውዝ ያለበት ምግብ ሲለምዱ አለርጂው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልጅሽ ከባድ የቆዳ ችፌ ካለበት ግን አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

እሽጉን በተመለከተ፣ ሥዕሉን ተዪና ጀርባውን አንብቢ። በብዙ አገሮች የምግቡ ይዘት የሚዘረዘረው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። ስኳር፣ ሽሮፕ ወይም የተጨመቀ የፍራፍሬ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ካለ መልሺው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተጨመረ ስኳር አያስፈልገውም።

ዛሬ የተፋውን ነገ በትንሹ መልሰሽ አቅርቢለት። አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ማየት የሚፈልግ ልጅ ብዙ ነው። በግድ ማጉረስ ያስጠላዋል እንጂ አያስለምደውም።

ተጨማሪ፦ እህቴ፣ ስለ መታነቁ እኔ ልጨምር። ልጅ ሲያስለው፣ ፊቱ ሲቀላና ሊያስመልሰው ሲል ድምፅ አለው፤ አየር እያገኘ ነውና ጣትሽን አፉ ውስጥ ሳትከቺ በቅርብ ጠብቂው። የሚያስፈራው ዝምታ ነው። ማልቀስ፣ ማሳልና መተንፈስ ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሰሽ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍሽ ምቺው። ካልወጣለት ዓመት ለሞላው ልጅ ከእምብርቱ በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን ነው፤ ዓመት ላልሞላው ግን ደረቱን እንጂ ሆዱን አይጫኑም። ይህን በጽሑፍ ብቻ አትተዪው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ፈልገሽ ከባለቤትሽ ጋር ውሰጂ። ልጁ ሁልጊዜ ተቀምጦ፣ ዓይንሽ እያየው ይብላ፤ እየሮጠም ሆነ መኪና ውስጥ አይሁን። የምትኖሩበትን አገር የድንገተኛ አደጋ ስልክ ቁጥርም ልጁን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ለጥፊው።