ቀለሃና አሮጌ ናስ ለማጠብ የቱ ታምብለር ይሻለኛል?

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የእጅ ሥራ ሱቅ አለችኝ። የአንገት ጌጥ፣ የቁልፍ መያዣና ትንንሽ መስቀል እሠራለሁ። ዕቃዬ አሮጌ ናስ ነው፤ የቧንቧ ራስ፣ የተሰበረ ጓጉንቸር፣ ባዶ የጥይት ቀለሃ። ብረታ ብረት ከሚሰበስቡ ሰዎች በኪሎ እገዛለሁ።

ያስቸገረኝ ማጽዳቱ ነው። እናቴ የናስ ሰሃን ስታጸዳ እንዳየኋት በሎሚና በአመድ እፈትጋለሁ። አንዱ ቀለሃ ከውስጥም ከውጭም እስኪነጻ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ። ጥምቀት እየደረሰ ነው፤ ከ200 በላይ ጌጥ ማድረስ አለብኝ።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ ታምብለር የሚባል ማሽን ልላክልህ አለኝ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በደረቅ እየተንቀጠቀጠ ያጸዳል፤ ሌላው በርሜሉ ውሃ ይዞ ይሽከረከራል። የቱን ልበለው? የምሠራው እቤት ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። መብራትም ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር። አያቴ የተወልኝ ዝናር አለ። ውስጡ 14 ባዶ የውጅግራ ቀለሃ አለበት። ሁሉም ጠቁረዋል። እነሱንም አብሬ ባጸዳቸው ደስ ይለኛል።

ማራኪ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ እኔ ደረቁን ነው የምጠቀመው። ሁለት ዓመት ሆነኝ። የበቆሎ ቆረቆንዳ ወቅጬ፣ በወንፊት ለይቼ ሳህኑ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ናሱን ከትቼ ሦስት ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። አውጥቶ በጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው። አንዲት ጣሳ ውሃ አይፈልግም። ፍርፋሪው ደቃቅ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀርና በመርፌ ስታወጣ ትውላለህ። ድምፁ ግን ከባድ ነው፣ ማታ ማታ አላስነሳውም። እኔ የማጸዳው የቧንቧና የቁልፍ ናስ ነው፣ ቀለሃ ሞክሬ አላውቅም።

አዘዞ ቶርኖ ቤት፦
ወንድሜ የቀሃ ልጅ፣ እኔ አዘዞ ቶርኖ ቤት አለኝ። ሃያ ዓመት ከብረት ጋር ነው የኖርኩት። ማራኪ ሰፈር ያለው ወንድማችን ለራሱ ሥራ ትክክል ነው። አንተ ግን ቀለሃም ልጆችም አሉህ። ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ፤ በውሃ የሚሠራውን ውሰድ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ቀለሃው ግርጌ መሀል ላይ የጠመንጃው መርፌ የሚመታት ትንሽ ክብ አለች። እሷ ውስጥ ያለው ቅመም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት፤ ከባዱን ብረት ማለቴ ነው። ሲተኮስ እርሳሱ ከጥላሸቱ ጋር ቀለሃው ውስጥ ይቀራል። ደረቁ ማሽን ያንን ጥላሸት ፈትጎ ቆረቆንዳው ላይ ያዛውረዋል። ክዳኑን ስትከፍት፣ በወንፊት ስትነፋ፣ ይቦናል።

በራሴ የደረሰ ነው። እኔም በደረቅ ነበር የጀመርኩት። አንድ ቀን ቆረቆንዳውን ግቢ ውስጥ ስነፋ ነጭ ጋቢዬ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከእኔ አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ማታ ሳነሳው በእኔ በኩል ያለው ጎኑ ግራጫ ሆኗል። በጣቴ ዳበስ ሳደርገው ጣቴ ላይ እንደ ጥላሸት ቀረ። ያንን ጋቢ ትንሿ ልጄ ተጠቅልላ ትተኛበት ነበር። በማግስቱ ቆረቆንዳውን በፌስታል ቋጥሬ አሰርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደረቁን አላስነሳሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ልጅ የዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ በልጦ ነው። ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም የለም።

በውሃው ከሆነ ጥላሸቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ አይቦንም። ጓንት አድርግ። ከልጆቹ ጋር ከመብላትህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ የሥራ ልብስህንም ቀይር። ለሊጥ ወይም ለልብስ የምትጠቀሙበትን ሳፋ ለዚህ አታውል። ጥቁሩን ውሃ ቀሃ ወንዝ ውስጥ አትድፋው፣ ጓሮም አታፍስሰው። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅመው፤ ዝቃጩ ከታች ይተኛል።

ከማጠብህ በፊት ማግኔት ያዝ። ቢጫ የሆነ ሁሉ ናስ አይደለም። የክላሽ ቀለሃ ብዙው ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ የተቀባ። ማግኔት ከያዘው ለየው፤ ውሃ ውስጥ ከከተትከው ይዝጋል፣ የሌላውንም መልክ ያበላሻል። እያንዳንዱን ደግሞ ገልብጠህ ግርጌውን እይ። የመርፌ ምት ከሌለበት፣ ወይም አፉ ላይ ጥይቱ ካለ፣ አትነካካው፣ አታሙቀው፣ አትምታው፤ ለፖሊስ አሳውቅ። ተመትቶ ሳይፈነዳ የሚቀርም ስላለ፣ የተጠራጠርከውን ሁሉ እንዲሁ አድርግ።

አሞኒያ የሚሸት ማጽጃም አትጠቀም። አሞኒያ የተቀጠቀጠ ናስን ይሰነጥቃል፤ ቀለሃ ደግሞ ተስቦና ተቀጥቅጦ የሚሠራ ነው። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በክረምት ጥይቱን የፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ ሲያዩት ቀለሃው ተሰነጣጥቋል። ነገሩ የተፈታው በፈረንጆቹ 1921 ነው፤ ከፈረሱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነበር ሥራውን የሠራው። እኛም አገር ዕቃ በረት ጥግ የሚያስቀምጥ ብዙ ሰው አለና ይህን ልብ በል።

የአያትህን ቀለሃ እባክህ ማሽን ውስጥ አትክተት። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 ጠመንጃ ነው፣ ፉዚል ግራ የሚሉት፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የድሮ ጥይት ግርጌው ላይ ያለው ቅመም ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ ይኖርበታል። ሜርኩሪ ናሱን ውስጥ ለውስጥ ይበላውና ተሰባሪ ያደርገዋል። ለመፈተጊያ ውሃው ውስጥ በሚጨመሩት ትንንሽ የብረት መርፌዎች መሀል አንድ ሰዓት ቢዞር አፉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥቁረቱም የዕድሜው ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም። በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ጥረግለት።

የዘመድህን ገንዘብ ማዳን ከፈለግህ እዚህም ይሠራል። በደቂቃ 1,400 ዙር የሚዞር ሞተር ፈልግ። ሞተሩ ላይ 5 ሴንቲ ፑሊ፣ ዘንጉ ላይ 30 ሴንቲ ፑሊ፣ መሀላቸው ቺንጋ። ዘንጉ ወደ 233 ዙር ይወርዳል። ዘንጉ 4 ሴንቲ ውፍረት ኖሮት ላዩ ላይ የተጋደመ 20 ሴንቲ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ በርሜል ቢያሽከረክር፣ በርሜሉ ወደ 47 ዙር ይመጣል። ልክ ነው። ወደ 95 ከተጠጋ ዕቃው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል እንጂ አይፋተግም። በርሜሉ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ላይ የካላማዳሪ ጎማ ደረብ አድርገህ ለጥፍ፤ ለስላሳ ከሆነ ዕቃው ተንሸራቶ ታች ይተኛል። ኩሽኔታውን ከውሃ ጠብቀው። ና፣ አብረን እንሥራው።

ከጎንደር ዴንቨር፦
ያደግኩት ቁስቋም ሥር ነው፣ አሁን ዴንቨር ነኝ። እዚህ ዒላማ ተኳሾች ቀለሃ አጥበው መልሰው ይሞሉታል፤ ማሽኑም የተሠራው ለእነሱና ድንጋይ ለሚያለሰልሱ ሰዎች ነው። እኔም አለኝ።

ዘመድህ ከመግዛቱ በፊት ቮልቱን ይይ። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው የ120 ቮልት ነው። እናንተ ጋ 220 ነው፣ እንደሰካኸው ይቃጠላል። የ220ውን ይጠይቅ።

ፒን የምንለው የስቴንለስ ስቲል ቁራጭ ነው። የኔው ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። በርሜሌ 6.8 ኪሎ ይችላል፤ 2.3 ኪሎ ፒን፣ 0.9 ኪሎ ናስ፣ 3.6 ሊትር ውሃ አደርጋለሁ። ውሃውም ክብደት መሆኑን ሰው ይረሳዋል። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ ሩብ ሲትሪክ አሲድ እጨምራለሁ። እዚያ የአንድ ሎሚ ጭማቂ በቂ ነው፣ ፍሬውን አጥልለህ። ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ሲወጣ በደንብ አለቅልቀህ ወዲያው አድርቀው። ፒን አፉ ውስጥ ተቆላልፎ ይቀራልና እያንዳንዱን አራግፍ፣ ልጆች እንዳያገኙት።

የቀሃ ልጅ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ አዘዞ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሽኑን አብረን ሠራነው፤ ፒኑን ብቻ ዘመዴ ሰው አገኘና ላከልኝ።

የመጀመሪያው ዙር 40 ቀለሃ ነበር። ሦስት ሰዓት ዞረ። ስከፍተው ውሃው እንደ ጠላ ጠቁሯል። እጄን ሰድጄ አንዱን አወጣሁት፤ እንደ አዲስ ወርቅ ነው። ወደ ፀሐይ አዙሬ ውስጡን ሳየው እስከ ግርጌው ያበራል። በሎሚና በአመድ ውስጡን እንዲህ አድርጌው አላውቅም።

ሁለተኛው ዙር ላይ መብራት ጠፋ። ማታ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ይመጣል ብዬ በርሜሉን እንደተዘጋ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ቀለሃዎቹ ወደ ሮዝ ሄደዋል፣ እንደ መዳብ። ሠላሳውን በእጄ መልሼ ፈተግኩ። አሁን መብራት ሲጠፋ ወዲያው ከፍቼ አለቀልቃለሁ። ለዚያ ብዬ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ምንጊዜም አጠገቡ አስቀምጣለሁ።

አዘዞ ቶርኖ ቤት፦
ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ቀለሃ ላይ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ። አሲድ ውስጥ ሲያድር ዚንኩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ላዩ ላይ መዳቡ ብቻ ይታያል። ሎሚውን በግማሽ ቀንሰው። የለቅለቂያውንም ውሃ አትድፋው፤ በሁለት ሳፋ አለቅልቅና ሁለተኛው ውስጥ ያለው ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሁንህ።

የቀሃ ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እቀንሳለሁ። የአያቴን በጨርቅ ብቻ ጠረግኳቸው። ጥቁረታቸው አለ። አንዱ ግርጌ ላይ ግን አቧራው ሲነሳ የተቀረጹ ፊደሎች ብቅ አሉ፤ እናቴ ጠርታ ለልጆቹ አሳየቻቸው። መልሼ ዝናሩ ውስጥ ከትቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

ቺንጋው ትናንት መንሸራተት ጀምሯል። ልጥበቀው ወይስ ሌላ ልግዛ?