ርካሽ መሣሪያና የካምፕ ባትሪ፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር?

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ጥያቄህን አየሁት፦ ለቤቱ ርካሽ መሣሪያ ልግዛ ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያቆይ የካምፕ ባትሪስ ይጠቅማል ወይ ነው ያልከው። ከላይ መልስ የሰጡህ ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን «ርካሽ ዕቃ ሁለቴ ያስከፍላል» ይላል፣ ሌላው «ከሃርበር ፍሬይት (ርካሽ መሣሪያ ከሚሸጠው የአሜሪካ ሱቅ) ግዛና ገንዘብህን ያዝ» ይላል። የእኔ አቋም ይሄ ነው። ቢሰበር መልሰህ የምትቀይረው ዕቃ ከሆነ ርካሹን ግዛ። ቢበላሽ ሰው የሚጎዳ ወይም ቤት የሚያቃጥል ከሆነ ግን አንድ ሳንቲም አትቆጥብበት።

መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ሜትር፣ እነዚህ ሁሉ ርካሹ ይበቃሃል። ሃርበር ፍሬይት ለእጅ መሣሪያዎቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ መፍቻው ቢሰበር ወስደህ ትቀይረዋለህ። አልፎ አልፎ አንድ ብሎን ለሚፈታ ሰው የመካኒክ ዕቃ ምን ያደርግለታል? ኡበር የምትነዱና የፍሬን ሸራ ራሳችሁ የምትቀይሩ ደግሞ ይህን እወቁ፦ አውቶዞንና ኦራይሊ የሚባሉት የመኪና ዕቃ ሱቆች መሣሪያ ያውሳሉ። የመያዣ ገንዘብ ታስይዛላችሁ፣ ዕቃውን ስትመልሱ ገንዘባችሁ ሙሉውን ይመለሳል። ለአንድ ቀን ሥራ ብላችሁ ጋራዡን በዕቃ አትሙሉት።

መኪና የምትደግፍበት የብረት እግር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2020 ሃርበር ፍሬይት ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን፣ 1.7 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ መደገፊያዎች መልሱልኝ ብሎ ጠርቷል፤ ምክንያቱም ጥርሱ ሊንሸራተትና መኪናው ድንገት ሊወርድ ይችል ነበር። በምትኩ ከተሰጡት ውስጥም እንደገና የተጠሩ አሉ። ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጎረቤት ጋራዥ ሴል ላይ በ10 ዶላር ያገኘኸውን አሮጌ መደገፊያ፣ ላዩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ሳታጣራ ከሥሩ አትግባ። በክሪክ ብቻ ወደ ላይ በተነሳ መኪና ሥርማ ጭራሽ መግባት የለም።

በባትሪ የሚሠራ ድሪል ላይ ዋናው ወጪ ባትሪው ነው። አንዱን ኩባንያ ከመረጥክ እዚያው ቆይ፣ ምክንያቱም የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይገባም። ለቤት ሥራ ርዮቢ የሚባለው ኩባንያ ዕቃ ይበቃል፤ ባለ 18 ቮልቱ ባትሪ ከ1996 ጀምሮ ቅርጹን አልለወጠም፣ ዛሬ የምትገዛው ባትሪ አሮጌው ድሪል ላይም ይገባል። የአባቶች ቀንና የብላክ ፍራይደይ ሰሞን ሁለት ባትሪ ሲገዙ መሣሪያ በነፃ የሚሰጡበት ጊዜ ስላለ ካልቸኮልክ ጠብቅ።

አሁን ወደ ካምፑ ባትሪ፣ ማለትም እንደ ቤት ሶኬት ዕቃ የሚሰካበት፣ ከቦታ ቦታ የሚያዝ ትልቅ ባትሪ። ሰው በጣም የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «2000» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ጉልበት ነው። አንተ የምትፈልገው ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ያለውን ዋት-ሰዓት ነው። ዋት-ሰዓት በርሜሉ ነው፣ ዋት ቧንቧው ነው፤ ቧንቧው ቢሰፋ በርሜሉ ትንሽ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ «80,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» ብሎ ያስደነግጥሃል። በ3.7 አባዛና ለ1000 አካፍለው፣ 296 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው።

ዳላስ ነኝ ብለሃልና በፍሪጅህ እናስላው። ፍሪጁ አዲስ ሲሆን በሩ ላይ የሚለጠፍ ቢጫ ወረቀት አለ፣ በዓመት የሚበላውን ኪሎዋት-ሰዓት ይነግርሃል። 600 ነው እንበል። ለ365 ስታካፍለው በቀን 1.6 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 1600 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ባለ 1000 ዋት-ሰዓት ባትሪ፣ ኃይሉ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ሲለወጥ የሚባክነውን ቀንሰህ 850 ያህል ይሰጥሃል፣ ስለዚህ ግማሽ ቀን ያቆይልሃል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ያለ መብራት 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት እንደሚቆይ አትርሳ፤ ስለዚህ እያፈራረቅክ ብትሰካው ከግማሽ ቀን በላይ ትሄዳለህ። ይሄ መጠን በቅናሽ ጊዜ እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይወርዳል። ለስልክ፣ ለመብራት፣ ለዋይፋይ፣ ማታ የትንፋሽ ማሽን ለሚጠቀሙ ወላጆች፣ በጣም ይጠቅማል፤ እኔ ግዛው ነው የምለው።

ስትገዛ ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት መሆኑን። ክብደቱ ይጨምራል፣ ግን ከሌላው የሊቲየም ዓይነት ይልቅ እሳት የመነሳት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ብዙዎቹም 3000 ጊዜና ከዚያ በላይ ተሞልተው ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ የዩኤል (UL) ወይም የኢቲኤል (ETL) ምልክት፤ ዕቃው ለደኅንነት ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ ነው። ስሙን ሰምተኸው የማታውቅ፣ ምልክት የሌለው፣ ዋጋው ከሌላው በግማሽ የወረደ ባትሪ ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ አይግባ።

ስለ ጀነሬተር የጠየቃችሁም አላችሁ። በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት ሲያጣ፣ ለሙቀት ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው፣ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የሞቱ ሰዎች አሉ። ሂዩስተን ላይ ከእኛም ወገን ሐዘን ደርሷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የያዘው ሲመስለው ይሄዳል። ጀነሬተር ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ ይቀመጥ፣ ጭሱ ወደ መስኮትና ወደ በር አይዙር፣ ጋራዥ በሩ ቢከፈትም አይሆንም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዋን መሣሪያ ደግሞ ዛሬ ግዙ፣ ከ30 ዶላር በታች ታገኛላችሁ። የካምፕ ባትሪ ጭስ የለውም፤ ውድ ቢሆንም የምመርጠው ለዚህ ነው።

እህቴ፣ ባትሪው ምጣድ ይችላል ወይ ላልሽው፣ የሚወጣው ጉልበት 1800 ዋት ከሆነ ይችላል። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ባለማቋረጥ ከሳበ ባለ 1000ው ባትሪ ግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ምጣዱ እስኪግል ድረስ ያለውን ስትቀንሺ ጥቂት እንጀራ ነው የምታወጪው። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማሞቂያ፣ ማፍያ፣ የፀጉር ማድረቂያ። ለሽርሽር ቡና ከሆነ ትንሿን ቡታጋዝ ያዙ፣ ውጭ ላይ ብቻ።

ሚኒሶታ ያላችሁ፣ ባትሪውን በብርዱ ወራት መኪና ውስጥ አትተዉት። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ (32 ፋራናይት) በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳዋል። ሳትጠቀሙበት የምታስቀምጡት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ በየሦስት ወሩ እዩት።

ለሀገር ቤት ስለ መላክ፦ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፣ በእጅም በሚጫነውም። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ትልቁ የካምፕ ባትሪ እንግዲህ ቀረ። የድሪል ባትሪ፣ ለምሳሌ ባለ 18 ቮልት 5 አምፔር-ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል፤ ባትሪው በእጅ ሻንጣ፣ ድሪሉ በሚጫነው። ቻርጀሩን ግን ገልብጣችሁ አንብቡት። «100–240» ካለ አዲስ አበባም ይሠራል። «120» ብቻ ካለ እዚያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ቻርጀሩን እዚያው መግዛት ይሻላል። በገመድ የሚሠራ የአሜሪካ መሣሪያማ አትላኩ።

ወንድሜ፣ ቢጫው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥርና ማታ ምን ምን መሰካት እንደምትፈልግ ጻፍልኝ፣ መጠኑን አብረን እናሰላዋለን።