ለአባቴ ትልቅ የበረዶ ቦት የሚገጥም ታኬታ የቱ ነው?

ጥያቄ (የአራት ኪሎዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከጥምቀት በኋላ ወንድሜ ጋ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሊሄድ ነው። ዕድሜው ሰባን አልፏል። ወንድሜ ትልቅ የበረዶ ቦት በሰው እጅ ልኮለታል፤ ውስጡ የሚወጣ ወፍራም ገበር አለው፣ ሶሉ ጎማ ነው፣ አፍንጫው ክብና ከፍ ያለ። 46 ቁጥር ነው፣ በወፍራም ካልሲ ልኩ ሆኗል። አሁን የቀረን ከቦቱ ሥር የሚጠለቀው፣ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጥርስ ያለው ታኬታ ነው። ወንድሜ እዚያው ገዝቶ ለገና በሚመጣ ጓደኛው ሊልክልን ይችላል፤ ቦቱ ግን እኛ ጋ ስለሆነ ለክቶ ማየት አይችልም። «ጥቅልል ሽቦ ያለው አለ፣ ሰንሰለት ያለው አለ፣ ትንንሽ ጥርስ ያለውም አለ፤ ቁጥሩም ላርጅና ኤክስትራ ላርጅ ነው፤ የቱን ልላክ?» ይለኛል። አባቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም የሚውል ሰው አይደለም፣ እዚያም በእግሩ መውጣቱ አይቀርም። ጉልበቱን ያመዋል፣ ጎንበስ ማለትም ይከብደዋል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ካልጋሪ ነዋሪ)

እህቴ፣ እንኳን ሊመጡ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መርዳት ስለሆነ የብርዱን ወራት በእግሬ ነው የማሳልፈው። መጀመሪያ ስለ አየሩ ልንገርሽ፤ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

እዚህ ቺኑክ የሚባል ሞቃትና ደረቅ ነፋስ አለ። ከሮኪ ተራሮች ወርዶ በጥር መሃል እንኳ አየሩን በሰዓታት ውስጥ ከዜሮ በላይ ያደርሰዋል። በረዶው ይቀልጥና ውሃው የእግረኛ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ማታ ብርዱ ሲመለስ ያ ውሃ መስታወት ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ አባትሽ ለኪዳን በሚወጡበት ሰዓት፣ ሰው የሚወድቀው በዚያ ላይ ነው። በጣም የሚበርድበት ቀን ይሻላል፤ በረዶው ከእግር በታች እየተንኮሻኮሸ ጫማ ይይዛል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚኖር ክፉኛ ያንሸራትታል። የከተማው ደንብ በረዶ መውረድ ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁሉም በደጁ ያለውን መንገድ እንዲጠርግ ያዛል፤ ጎረቤቶቼም ይጠርጋሉ፤ ግን ቀልጦ እንደገና የሚረጋውን ማን ይቆጣጠረዋል?

ስለዚህ ወንድምሽ ጥቅልል ሽቦውን ይተወው። እሱ ለተረገጠ በረዶ ደህና ነው፣ መስታወቱን ግን በደንብ አይነክሰውም፤ የተጠረገ ሲሚንቶ ላይ ሲሄዱበት ደግሞ ሽቦው ይሳሳና ይበጠሳል። እንደ ካቱላ ማይክሮስፓይክስ ያለው፣ ረዘም ያለ ጥርስና ሰንሰለት ያለው፣ ለዳገትና ለጫካ መንገድ ነው። በረዶውን አጥብቆ ይይዛል፤ የተጠረገ መንገድ ላይ ግን እግርን ከመሬት ከፍ ስለሚያደርግ ለጉልበተ ደካማ ሰው አይመችም። እኔ የምመክረው አጫጭር የተንግስተን ካርባይድ ጥርስ ያለውን ነው። ተራ ብረት ቶሎ ይደነዝዛል፤ ካርባይድ ሲሚንቶም ላይ ይቆያል። ጥርሱ ከፊት ብቻ ሳይሆን ተረከዝም ላይ መኖሩን አደራ፤ ስንራመድ ቀድሞ መሬት የሚነካው ተረከዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠንም እሱ ነው።

መልስ (መርካቶ፣ ጫማ ነጋዴ)

ስለ ልኩ ልጨምር። 46 የሚለው ቁጥር በውስጡ የሚገባውን እግር ነው የሚነግርሽ፤ ላስቲኩ የሚወጠረው ግን በውጭ ነው። የ46 ሸራ ጫማና የ46 በረዶ ቦት ጎን ለጎን አቁመሽ ብታዪ የቦቱ ሶል በርዝመትም በስፋትም ይበልጣል። ሳጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምኖ የሚገዛ ሰው ቦቱ ላይ ሲደርስ አልገባ ይለዋል።

እንዲህ አድርጊ። ነጭ ወረቀት ወለል ላይ አንጥፊና ቦቱን አቁሚበት፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ በሶሉ ዙሪያ አስምሪ። እርሳሱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግማሽ ሳንቲም ይበላል። ከዚያ ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ ያለውን ርዝመት፣ ሰፊውን ቦታና ተረከዙን ለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለሽ ደግሞ የቦቱን አፍንጫ ዙሪያ፣ ላስቲኩ የሚያርፍበት ላይ ለኪ፤ ክብና ከፍ ያለ አፍንጫ ያለው ቦት ላስቲኩን ብዙ ይጎትተዋል። ሁሉንም ጽፈሽ ለወንድምሽ ላኪለት፤ እሱ በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጦ ሱቅ ይዞ ይሂድ። ካርቶኑ ላይ ጥርሶቹ የት እንደሚያርፉ ማየት ይቻላል።

ጥያቄ (የጎማ ተራ ልጅ)

ከውጭ ከማስመጣት እዚሁ በርባሶ የሚሠሩት ልጆች ከመኪና ጎማ ቢያወጡለትና ሚስማር ቢመቱበት አይሆንም? እጃቸው እኮ የተባረከ ነው።

መልስ (መርካቶ፣ ጫማ ነጋዴ)

ወንድሜ፣ እጃቸውን አደንቃለሁ፤ ለዚህ ግን አልመክርም። የመኪና ጎማ ውስጡ ሽቦና ክር ስላለው አይለጠጥም፤ ቦቱን ጨብጦ መያዝ አይችልም፣ ስትራመድ ወደ ጎን ይዞራል። ሚስማሩ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው፤ ጫፉ ይታጠፋል፣ ወይም ክብደት ሲያርፍበት ራሱ ወደ ላይ ተገፍቶ ሶሉን ይወጋል። ለሽማግሌ አባት አይሞከርም።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ጉልበታቸውን ያነሳሽው ጥሩ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ አባትሽ ራሳቸው አጥልቀው ማውለቅ ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። አስቸጋሪ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት በር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

መጥለቁ ጥቅም እንዳለው ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከዊስኮንሲን የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ባለፈው ዓመት ወድቀው የሚያውቁ 109 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ያጠለቁት ውጭ ላይ መንሸራተታቸውም መውደቃቸውም ቀንሷል። የተሞከረው ግን ጥቅልል ሽቦው ነበር። ስለዚህ የካልጋሪው ወንድማችን በመረጡት ብስማማም፣ ካርባይዱ ካልተገኘ ሽቦውም ባዶ ሶል ከመሄድ በብዙ ይሻላል።

ለጉልበታቸው የሚረዳ ዘዴ ልንገርሽ። ቦቱን ካደረጉ በኋላ ጎንበስ ብለው መታገል የለባቸውም። የጎማ ሶል ያለው ቦት ባዶውንም ቅርጹን ስለሚይዝ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦቱን ጭናቸው ላይ ያድርጉና መጀመሪያ አፍንጫውን ያስገቡ፣ ከዚያ ተረከዝ ላይ ያለውን ማንጠልጠያ ይዘው ይሳቡ። ወንድምሽ ተረከዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ሰፊ ማንጠልጠያ ያለውን ይምረጥ። ከዚያ በር አጠገብ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ወንበር ላይ ሆነው ቦቱን ያደርጋሉ። ታኬታውን ለሳምንታት ቦቱ ላይ እንደተወጠረ መተው ላስቲኩን ያላላዋል፤ ሲመለሱ ይውለቅ። አገር ቤት እያሉ ከአሁኑ ይለማመዱት፤ ቀድሞ መላኩን የምደግፈው ለዚህ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦቱን ለካሁት፦ ርዝመቱ 34 ሳንቲም፣ ሰፊው ቦታ 12 ሳንቲም ተኩል፣ ተረከዙ 9 ተኩል። ወንድሜ ያየው ሳጥን ላይ ላርጅ እስከ 46፣ ኤክስትራ ላርጅ ከ46 በላይ ይላል። መሃል ላይ ወደቅን።

መልስ (ካልጋሪ ነዋሪ)

መሃል ላይ ሲወድቅ ለሸራ ጫማ ቢሆን ላርጁን እልሽ ነበር፤ ለዚህ ቦት ግን ኤክስትራ ላርጁን። ጠባቡ ሙቅ ሳሎን ውስጥ እንደምንም ይገባል፤ ውጭ በብርድ ላስቲኩ ሲደድር ግን ወይ ከተረከዝ ፈትለክ ይላል፣ ወይ ብረቱ የተያዘበት ቀዳዳ ላይ ይቀደዳል። ስታጠልቁት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ላስቲኩ ስስ ሆኖ ከነጣ ጠቧል ማለት ነው። የሰፋው ደግሞ ከፊት ያሉት ጥርሶች ወደ እግር መሃል ይሸሻሉ፣ ወይም ጎን ላይ ብቅ ይላሉ። ወንድምሽ ከላይ፣ እግር ጀርባ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያለውን ካገኘ ያን ይውሰድ፤ ትንሽ ቢሰፋ እንኳ ማሰሪያው ይይዘዋል። እዚህ ካናዲያን ታየርና ማርክስ የሚባሉት ሱቆች ብዙ ዓይነት አላቸው፤ ካርቶኑን ይዞ ይግባ።

መልስ (ቶሮንቶ ያለሁ)

ቦቱንም እዩት። እዚህ ቶሮንቶ ካይት (KITE) የሚባል የተሃድሶ ምርምር ተቋም ቦቶችን ተዳፋት በሆነ በረዶ ላይ ሰው አስኪዶ ይፈትናል፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በበረዶ ቅንጣት ምልክት ያወጣል። አንድ ቅንጣት ለማግኘት ቦቱ 7 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መያዝ አለበት። ሶሉ የሚይዝ ቦት ካላቸው መንገዱ በተጠረገባቸው ቀናት ታኬታውን ቤት መተው ይችላሉ።

መልስ (ስድስት ኪሎ)

ሲደርስላችሁ ጃን ሜዳ ዳር አፈርና ሣር ያለበት ቦታ ወስደሻቸው ይሞክሩት። እየተራመዱ ይዙሩ፣ ይታጠፉ፣ ትንሽ ቁልቁለትም ይውረዱ፤ ከዚያ ከሥር ገልብጠሽ ጥርሶቹ ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸውን እዪ። ኮብልስቶንና የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ላይ አይሁን፤ ጥርሱን ያበላሻል፣ ለስላሳ ድንጋይ ላይም ራሱ ያንሸራትታል።

መልስ (ካልጋሪ ነዋሪ)

የስድስት ኪሎው ያነሳውን ላጠንክር። ጥርሱ በረዶ ላይ ያድናል፣ ሴራሚክና እምነበረድ ላይ ግን ይጥላል። መሃል ከተማ ፕላስ ፊፍቲን የሚባሉ ከመንገዱ 15 ጫማ ከፍ ብለው ሕንፃ ከሕንፃ የሚያገናኙ የተሸፈኑ መተላለፊያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው፣ በብርድ ሁላችንም የምንሄደው በእነሱ ነው፣ ወለላቸውም ለስላሳ ነው። ከመግባታቸው በፊት መውለቅ አለበት። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ፤ ጫማ የሚወልቀው ውስጥ ስለሆነ ከውጭው በር እስከ ጫማ ማስቀመጫው ያለውን ወለል በታኬታ እንዳይረግጡት። ደጁ ላይ የሚይዙት ነገር ይፈልጉ፣ ተቀምጠው ያውልቁ፣ ጠንካራ ከረጢት ውስጥ ያድርጉት። ከረጢቱ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር።

ጠያቂዋ

ወንድሜ ኤክስትራ ላርጅ፣ አጭር ካርባይድ፣ ከፊትም ከተረከዝም፣ ከላይ ማሰሪያ ያለው እንዲልክ ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አባቴ ሲጓዝ ታኬታውን በእጁ ይዞ አውሮፕላን መግባት ይችላል?

መልስ (ቶሮንቶ ያለሁ)

ሹል ብረት ስለሆነ ፍተሻ ላይ እንዳያከራክራቸው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ጥርሱን ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዪበት፣ ልብስ እንዳይቀድ። ቦቱን ግን በእጅ ሻንጣቸው ይያዙት። ሻንጣው ቢዘገይም ከኤርፖርት ሲወጡ እግራቸው ላይ ይሆናል፤ ወንድምሽም መኪናውን በሩ ድረስ ያምጣላቸው።