ወንድሜን ክለብ ጠርቶታል፤ አጥቂ ነው፣ ይሂድ ትላላችሁ?

እህቱ ነኝ (ደሴ)

ሰላም ናችሁ። እኔ ስለ ኳስ ብዙም አላውቅም፣ ግን ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ይማራል። ሆጤ ኳስ ለማየት የምትወርዱ ሳታዩት አትቀሩም፤ ካልሲውን አውርዶ የሚጫወተው ቀጭኑ ግራኝ። አንድ ደላላ ደቡብ ካለ የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው) ክለብ ጋር አገናኝቶት የሁለት ዓመት ፈርም ተብሏል። የፊርማው ገንዘብ ግማሹ እዚያ ሲደርስ፣ ግማሹ «በኋላ»።

አባዬ ይሂድ ባይ ነው። እማዬ ደግሞ «ዲግሪ ጉልበቱ አይወልቅም» ብላ አሻፈረኝ ብላለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው የታዋቂዎቹን ታሪክ አይደለም። ስሙ ሳይገን ከክለብ ክለብ እየዞረ በኳስ የኖረ አጥቂ ኑሮው ምን ይመስላል? የቀመሰ ካለ ይንገረኝ።

የጦሳ ንፋስ

ኧረ ይሂድ! ምን ይጠየቃል? መዞር ምን ነውር አለው? ፍቅሩ ተፈራን እዩት። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናም ሲል ህንድ ደረሰ። የህንድ ሱፐር ሊግ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ሲከፈት የውድድሩን የመጀመሪያ ጎል ያገባው ማነው? የኛው ልጅ፣ ለኮልካታ ተሰልፎ፣ የሙምባይ ቡድን ላይ። አግብቶ በአየር ላይ ተገለበጠ። እቤት ቢቀመጥ ይሄ ይመጣ ነበር?

ጎሚስታው (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የቀመሰ ካልሽ እኔ አለሁ። ደሴ ተወልጄ፣ ሆጤ ላይ አድጌ፣ በ11 ዓመት የ7 ክለብ ማልያ ለብሻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ገንዘቤ እስከ ዛሬ እጁ ላይ ያለ አለ፣ ጭራሽ የፈረሰም አለ።

መጀመሪያ የጦሳ ንፋስ ያነሳውን ልጨርስለት። ፍቅሩ ያንን ጎል ያገባለት ቡድን በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ፣ እሱ ግን ፍጻሜው ላይ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ቼናይ ሄዶ ሌላ ማልያ ለበሰ፣ ቼናይም ዋንጫ አነሳ። ልብ አድርጊ፣ በአንድ አገር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባ ሰው ዓመት ሳይሞላው ሻንጣውን ይሸክፋል። እሱ ላይ እንዲህ ከሆነ እኔ ላይ እንዴት እንደነበር ገምቺ።

ጎሎቼን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። 64 ናቸው። ለ11 አካፍይውና በዓመት ስድስት እንኳ አይሞላም። አቡበከር ናስር በ2013 በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ 29 አግብቷል፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 25። እነሱን ተያቸው፣ እነሱ ሌላ ፍጥረት ናቸው። እኔ በዓመት ስድስት የማገባ አጥቂ ነበርኩ። ስድስት ጎል ምን መሰለሽ፣ ለከርሞ ሌላ ክለብ እንዲጠራሽ ይበቃል፣ ያለሽበት ክለብ እንዲያስቀርሽ ግን አይበቃም። የኔ ዙረት ምስጢሩ ይሄው ነው፣ ሌላ ተረት የለውም።

አጥቂ መሆን በራሱ ደግሞ ከሌላው ይለያል። ተከላካይ አዲስ ቡድን ሲገባ ስራውን ይዞ ይገባል፤ ኳሱ ከመጣ ጠርጎ ያወጣል። አጥቂ ግን አቀባይ ይፈልጋል። መስከረም ላይ ገብተሽ ትሮጫለሽ፣ አማካዩ ሩጫሽን ስለማያውቀው ኳሱን ከኋላሽ ይጥለዋል። ጥር ላይ መተያየት ትጀምራላችሁ። ሚያዝያ ላይ ሳያይ ያቀብልሻል። ሰኔ ላይ ውሉ ያልቃል! እኔ ይሄን ሰባት ጊዜ ከሀ ጀምሬዋለሁ። አንድ አማካይ ብቻ ነበረ፣ ሦስተኛው ክለቤ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት አብረን ቆየን። ከ64ቱ 19ኙ በሱ ኳስ የገቡ ናቸው። ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል።

ሌላው አየሩ ነው። የደሴ ልጅ 2,500 ሜትር ላይ ስለሚያድግ ትንፋሽ አያጣም፣ ቆላ ሲወርድ እንዲያውም ይተርፈዋል። ሙቀቱ ነው የሚጥለው። መጀመሪያ ቆላ የተጫወትኩ ቀን ገና 20ኛው ደቂቃ ላይ ዓይኔ ጭጋግ ሆኖ፣ ቀና ብዬ የደሴን ተራራ፣ ጦሳን ፈለግሁት። ሜዳ ነው ዙሪያው። ኳሱም ያጥራል፤ ሆጤ ላይ መረብ የሚነካው ምት እዚያ በረኛው እጅ ላይ ይቀራል። አየሩ ከባድ ነው ብሎ የነገረኝ የቡድኑ ወጌሻ ነው፣ አሰልጣኙ አይደለም። ለወንድምሽ የመጀመሪያውን ወር ለራሱ ታገስ በይው።

ስለ ካምፕ ብዙ አልልም። አራት አልጋ በአንድ ክፍል፣ ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሽሮ። ይለመዳል።

ያልለመድኩት ሆጤን እንግዳ ሆኜ መግባት ነው። አንድ ዓመት ተቃራኒ ሆኜ መጣሁ። የማዕዘን ምት ተሻማ፣ በግንባሬ ገጨሁት፣ ገባ። እጄን አላነሳሁም፣ መሬት መሬት እያየሁ ተመለስኩ። አጎቴ አጥሩ ሥር ቆሞ «አንተ! የማን ልጅ ነህ አንተ?» እያለ ይጮሃል፣ ከአምስት ሺህ ሰው መሃል ድምፁን ለየሁት። ወላሂ፣ ሦስት ወር ሙሉ እናቴ ቤት ቡና አልጠጣሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አምስተኛው ክለብ የአራት ወር ደመወዝ ይዞብኝ ልልቀቅ ስል መልቀቂያ አልሰጥም አለ። ሲሰጠኝ የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል። ግማሽ ዓመት ደሴ ተቀምጬ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ሮጥኩ፣ የሰፈር ልጆች «ለማን ነው የምትጫወተው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። 27 ዓመቴ ነበር፣ ለአጥቂ ወርቅ ዕድሜ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያገባኋቸው ጎሎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ፣ ቀጥሎም ጉልበቴ።

የመጨረሻው ክለብ ፊርማ ኮምፕሬሰር ገዛልኝ። ዛሬ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ቤት አለኝ። ቆጨህ ወይ ካልሽ፣ ኳሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ትምህርቴን ጥዬ ስሄድ ለማንም ሳልናገር መጥፋቴ ነው፤ ስመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ወንድምሽ ከሄደ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ፣ ማህተም አስመትቶ ይሂድ። እማማም በዚህ ሳይረጋጉ አይቀሩም። አብሽሪ።

ውል አንባቢ

ጎሚስታው የነገረን ነገር ያበሳጫል። የፊፋ ደንብ ከ2010 ወዲህ ግልጽ ነው፤ ክለብ ያለአግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ያም ካለፈ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። በቃል ማጉረምረም ግን አይቆጠርም። ስለዚህ እህታችን፣ የውሉ አንድ ቅጂ ከነማህተሙ እጁ ላይ ይግባ፣ «በኋላ» የተባለው ግማሽ ፊርማም በቀን ተቆርጦ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። ደላላው ይሄን ሲሰማ ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ የውድድር ዘመን ተጫዋች ለሦስት ክለብ ሊመዘገብ ይችላል፣ በይፋ ጨዋታ የሚሰለፈው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። በግማሽ ዓመት ተናዶ ቢለቅ ሦስተኛ ዕድል የለውም።

የመቻሬ ልጅ (ወልድያ)

እኔ የምፈራው ሁለት ዓመት የምትለዋን ነው። በ2009 እኛ ጋ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀ፣ ከተማው በደስታ አልተኛም። በ2010 ቡድናችን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ቡድን ሲወርድ የሚቀረው ስታዲየሙና ደጋፊው ነው፣ ተጫዋቹ እንደ ጤፍ ነው የሚበተነው። ሁለት ዓመት ከመፈረሙ በፊት «ክለቡ ቢወርድ ደመወዜ ስንት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ።

እህቱ ነኝ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለእማዬ ቡና ላይ አነበብኩላት። ጎሚስታው ጋ ስደርስ አንዴ አስደገመችኝ፣ የአጎትየው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ በሁለት ሳምንት መጀመሪያዋ ነው። ከዚያ «አንድ ዓመት፣ በወረቀት፣ ዩኒቨርሲቲውን አስፈቅዶ» አለች። አባዬ ተደራዳሪው እሱ እንደሆነ መስሎት ሊናገር ሲል ስኒ ሞላችለት። ወንድሜ ዛሬ ለደላላው ደውሎ የአንድ ዓመት ውል ካልሆነ አልመጣም ብሏል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። ሲደውል ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጎሚስታው (ኮምቦልቻ)

ይንቀጠቀጥ፣ እኔም ሰባት ጊዜ ስፈርም ተንቀጥቅጫለሁ። ታኬታ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው? 42 ከሆነ ጉልበቴ ከመሄዱ በፊት ገዝቼ ያላደረግሁት አንድ ጥንድ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ቅዳሜ ይውረድና ይለካው። ደግሞ እግሩ ላይ ልክክ ይበል በይው፣ አውራ ጣቱ ግን ጫፉን አይንካ።