አስቸኳይ፦ ለልጄ የሳንባ ምች ቀበሪቾ ላጭስለት ወይስ ባሕር ዛፍ ልጠንለት?

የአብርሽ እናት፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ልጄ በጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ይዞታል ተብሎ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ታዞለታል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ቢሆንም ሳሉ ስለ በረታበትና መድኃኒቱንም እየተፋ ስላስቸገረኝ፣ እርሱን ትቼ በዕፅዋት ላክመው አስቤአለሁ። ቤት ውስጥ ቀበሪቾ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ማርና ዝንጅብል አሉ። የትኛው ይሻላል፣ መጠኑስ ምን ያህል ነው?

እማማ ዝንጅብል፦ ዝንጅብሉን ቀጥቅጠሽ አፍይና በማር ስጪው፤ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

ቀልደኛው፦ በእኛ ሰፈር ቀበሪቾ ሲጨስ በሽተኛው ዝም ይልና ጎረቤቱ ሁሉ ማሳል ይጀምራል።

ዕፀ ሕይወት፦ ነገሩ በዕውቀት ቢያዝ መልካም ነው። ጦስኝ በውስጡ ታይሞል የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ዳማከሴም ለትኩሳትና ለራስ ምታት ከጥንት ጀምሮ ስለሚታሽ ክብር ይገባቸዋል። ባሕር ዛፍ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ስለሆነ «የአባቶቻችን መድኃኒት» ስንለው ትንሽ እናጋንናለን።

ጎንደሬው፦ ማርና ዝንጅብል ይበቃዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት።

ነርሷ፦ እኅቴ፣ የልጁን ዕድሜ ሳትነግሪን ሁሉም መጠን እየሰጠሽ ነው። ስንት ወሩ ነው?

የአብርሽ እናት፦ ስምንት ወሩ ነው። ማሩን ግን ገና አላቀመስሁትም።

ነርሷ፦ አታቅምሺው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የቀበሪቾም ሆነ የከሰል ጭስ የታመመውን ሳንባ ይበልጥ ያስቆጣዋል፤ የፈላ ውኃ እንፋሎትም ሕፃን ያቃጥላል። አሁን ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት መጥባት ያቃተው ወይም የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂው። ከእነዚህ አንዱም ባይታይ፣ በሦስተኛው ቀን ስላልተሻለው ዛሬውኑ እንደገና መታየት አለበት፤ እስከዚያው ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው።

ዕፀ ሕይወት፦ ታዲያ ዕፅዋት ከንቱ ናቸው ማለትሽ ነው?

ነርሷ፦ አላልሁም። ጉንፋን የያዘው አዋቂ ጦስኝ ሻይ ቢጠጣ፣ ዓመት ያለፈው ልጅም ለሳሉ ማር ቢልስ አልቃወምም። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን መድኃኒት አቋርጦ ቅጠል ይጠጣ የሚለውን ግን አልቀበልም።

ጎንደሬው፦ ነጭ ሽንኩርቱስ?

ነርሷ፦ እርሱም ይቅር። የአብርሽ እናት፣ ስትሄጂ የመድኃኒቱን ማሸጊያና የጤና ጣቢያውን ካርድ ያዢ፤ ልጁን ያቀመስሽው ቅጠል ካለም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው።